ባዶ ቦታ አትተዪ

ውድ እታለም፣

በነጻ ተሰናበትኩ! ዛሬ ጠዋት፣ አንቺ ሃያ ስድስት ዓመት በወለወልሽው አራተኛ ችሎት፣ ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው «ተከሳሿን በነጻ አሰናብተናል» አሉ። ጤናሽን ሳልጠይቅ በዚህ መጀመሬ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ደስታዬ ወረፋ አልጠብቅ አለኝ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደህና? ጥሩ፤ እንቀጥል።

ስልክ ያልደወልኩልሽ ጆሮሽን ስለማውቀው ነው። ግማሹን ሰምተሽ ግማሹን ከራስሽ ጨምረሽ ጎረቤቱን ሁሉ ታስለቅሺብኛለሽ። ዓይንሽ ግን ዛሬም ክር በመርፌ ቀዳዳ ያስገባል ብሎ ልጅሽ ነግሮኛልና፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አዎ፣ ተከስሼ ነበር። አዎ፣ ሰባት ወር ሙሉ ደብቄሻለሁ። ተቆጪ፤ ተቆጥተሽ ስትጨርሺ ከዚህ ቀጥዪ።

በምሠራበት የሙያ ማሠልጠኛ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር ስቶሩን እኔ ተረከብኩት። ሰውየውን ሁላችንም «ችግር የለም» ነው የምንለው፤ ጣሪያው ቢያፈስ፣ ቁልፍ ቢጠፋ፣ አለቃው ቢጮህ መልሱ ያው ስለሆነ። ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየዞርን መዶሻውን፣ መፍቻውን፣ የመጋዝ ምላጩን አይተን በርክክብ ቅጹ ላይ አስራ አንድ ዓይነት ዕቃ ሞላን። ከዚያ በታች፣ ከፊርማው በላይ፣ አራት ረድፍ ባዶ ቀረ። እኔ ታዲያ ከመፈረሜ በፊት ባዶው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ መስመር አሰመርኩበት፤ አንቺ እንዳስተማርሽኝ፣ እስክሪብቶውን ተጭኜ፣ ወረቀቱ እስኪጎረብጥ ድረስ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ሥዕል ልትስዪልኝ ነው?» አለኝ እየሳቀ።

«ልማድ ነው» አልኩት።

«ችግር የለም» አለና እሱም ፈረመ።

ከአምስት ወር በኋላ ስድስት የብየዳ ማሽኖች ጠፉ ተባለ። እኔ እነዚያን ማሽኖች በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ቅጹ ሲወጣ ግን አስራ ሁለተኛ ረድፍ ነበረው፦ «የብየዳ ማሽን፣ ስድስት»፤ ከሥሩም የኔው ፊርማ። የራሴን ቅጂ ያስቀመጥኩበት ፋይል ከመሳቢያዬ የለም። ሁለት ፖሊሶች ሠልጣኞቹ እያዩ ወሰዱኝ። ክሱ እምነት ማጉደል ነው፤ ከተፈረደብኝ ለዓመታት እስር ቤት ነኝ፣ ከዚያ በኋላም ማንም የመጋዘን ቁልፍ አይሰጠኝም።

ፖሊስ ጣቢያ አድርሰው ለመርማሪ አስረከቡኝ። መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞታል እንጂ። «ንጹህ ከሆንሽ ምን ያስፈራሻል? ቶሎ ተናግረሽ ቶሎ ወደ ቤትሽ» አለኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ትዝ ያለኝ የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ነው።

ከትምህርት ቤት መልስ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ የቤት ሥራዬን ስሠራ፣ አንቺ መወልወያሽን ይዘሽ ከዚያኛው ጫፍ ስትመጪ፣ ሰዉ እንዴት ይጠብቅሽ እንደነበር! ጠበቃ ለመጠየቅ የፈራ ሁሉ አንቺን አይፈራም። «እታለም፣ ፖሊስ ከጠራኝ የግድ መናገር አለብኝ?» «እታለም፣ ዋስ ካገኘሁ ክሱ አለቀ ማለት ነው?» «ጠበቃ መቅጠር የማይችልስ ምን ይውጠዋል?» አንቺም ሳትቆሚ፣ ቀና እንኳ ሳትዪ፣ «እኔ ጠራጊ ነኝ፣ ጠበቃ አይደለሁም» ብለሽ ትጀምሪያለሽ። «ግን ዝም ማለት ጥፋት አይደለም። ማስረዳት ያለበት የከሰሰህ ነው፤ አንተ ንጽሕናህን ግንባርህ ላይ ጽፈህ አትዞርም። ዋስ ማለት ቤትህ ሆነህ ጠብቅ ማለት ነው፤ ክሱማ የት ይሄዳል? ጠበቃ ከሌለህ መንግሥት ያቁምልኝ በል፣ አትፈር። ያላነበብከውን አትፈርም፣ ባዶ ቦታም አትተው። አሁን እግርህን አንሳ።» ሰውየው እግሩን ያነሳል፣ አንቺ ሥሩን ወልውለሽ ታልፊያለሽ።

«ጠበቃ ሳላማክር ቃል አልሰጥም» አልኩት መርማሪውን። ትንሽ አየኝና «መብትሽ ነው» ብሎ ይህንኑ ጻፈ። ያቀረበልኝን ገጽ ሁለቴ አንብቤ፣ ባዶውን ሰርዤ ፈረምኩ። በማግስቱ በዋስ ወጣሁ።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቀየሚ። ከመልሶችሽ አንዷ ጉድ ልትሠራኝ ነበር። ክሱ በተመሠረተ በሁለተኛው ሳምንት «ችግር የለም» ቤቴ ድረስ መጣ። ፊቱ በሐዘኔታ ተሞልቷል። «እኔ አለቃውን አግባባልሻለሁ። በቸልተኝነት ጠፋብኝ ብለሽ እዚህች ላይ ፈርሚ፣ ትታረቃላችሁ፣ ክሱም ይዘጋል» አለኝ። አንቺስ በዚያ ኮሪደር ምን ትዪ ነበር? «ከሳሽ ከታረቀ ክስ የለም!» እፎይ ብዬ እስክሪብቶ ፍለጋ ተነሳሁ እልሻለሁ። ደግነቱ ያመጣው ወረቀት ግማሽ ገጹ ባዶ ነበር። ባዶ ቦታ ሳይ እጄ በራሱ ጊዜ ይቆማል። «ነገ ተመለስ» አልኩት።

የቆመችልኝ ተከላካይ ጠበቃ ክረምት ከበጋ ጉንፋን የማይለቃት ሴት ናት። ነገሩን ስነግራት መሐረቧን ከአፍንጫዋ ላይ አነሳች።

«ማነው ከታረቅሽ ይዘጋል ያለሽ?»

«አንዲት የማምናት ሰው።»

«የምታምኚያት ሰው ተሳስታለች። እርቅ ክስ የሚዘጋው በአንዳንድ ቀላል ወንጀሎች ነው። በዚህኛው አለቃሽ ቢስምሽም ዐቃቤ ሕጉ ይቀጥላል። ጠፋብኝ ብለሽ የፈረምሽው ግን ማስረጃ ሆኖ ይቀርብብሻል።»

እታለም! ስንቱን ሰው በዚህች መልስ ሸኝተሽው ይሆን? የሁሉም ክስ ስድብና ግፊያ ይሁን ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አንቺም ዛሬ በያሉበት ይቅርታ ጠይቂያቸው፤ እግራቸውን አንስተው ያዳምጡሽ።

ችሎት ላይ ዐቃቤ ሕጉ ያቀረበው ፎቶ ኮፒ ነበር። ጥርት ያለ፣ አስራ ሁለት ረድፍ፣ መስመር የሚባል የሌለበት። ያ ቀን የባሰው ቀኔ ነው። መስመሬን ፈልጌ ሳጣው ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ምናልባት ያን ጊዜ ሳላሰምር ቀርቼ ይሆን? ምናልባት ስድስት ማሽን ሳላይ ፈርሜ ይሆን? እንባዬ ሲመጣ «ኮፒ ካሳዩህ ዋናውን ጠይቅ» የሚለው ድምፅሽ ቀደመው። ለጠበቃዬ በጆሮዋ ነገርኳት። «እሱን ልጠይቅ ነው የተነሳሁት» አለችኝና አስነጥሳ ዋናው ይቅረብልን አለች። ማሠልጠኛው ሁለት ቀጠሮ አጓተተ። በሦስተኛው መጣ።

ዳኛዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። ከአስራ አንደኛው ረድፍ በታች ነጭ የስህተት ማጥፊያ ፍሉድ ተቀብቷል፣ በላዩም ተጽፎበታል፤ ኮፒ ማድረጊያው ማሽን ያልለየውን ፀሐይዋ ለየችው። ከዚያ ገለበጡትና ጀርባውን በጣታቸው ዳሰሱ። ያ ተጭኜ ያሰመርኩት መስመር በጀርባ በኩል ጎርብጦ ወጥቷል። ከጥግ እስከ ጥግ፣ የብየዳ ማሽኖቹን መሐል ለመሐል አቋርጦ ሄዷል። ፊት ለፊቱን ሲቀቡ ጀርባውን ማን ያስታውሳል?

«ይህ መስመር የማን ነው?» አሉ ዳኛዋ።

«የኔ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ለምን አሰመርሽው?»

«ከፈረምኩ በኋላ ሰው እንዳይጨምርበት።»

«ማን አስተማረሽ?»

እዚህ ላይ ልቁም፣ እታለም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለምሥራቹ ብቻ አይደለም። አስራ ሦስት ዓመቴ እያለ ክፍላችን ፍርድ ቤት ሊጎበኝ የመጣ ቀን፣ በዚያው ችሎት፣ አንቺ ሰማያዊ ጋውንሽን ለብሰሽ በሩ አጠገብ ቆመሽ ነበር። ስታዪኝ ፊትሽ በራ፤ በእርጥብ እጅሽ ሰላም አልሽኝ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ «ታውቂያታለሽ?» ስትለኝ «አላውቃትም» አልኩ። ሰምተሻል። እንደሰማሽ ያወቅኩት የዚያን ዕለት እራት ስንበላ ስለ ጉብኝቱ አንዲት ነገር እንኳ ስላልጠየቅሽኝ ነው። እኔም አላነሳሁትም። ይኸው ስንት ዓመት!

አንቺ ግን አልተቀየምሽም። ይባስ ብለሽ በሳምንቱ ያን የአውራ ጣትሽን ታሪክ ነገርሽኝ። በልጅነትሽ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ስትሠሪ ባዶ ወረቀት ላይ አሻራሽን አስደርገውሽ፣ በኋላ «ጨርቅ ሰርቄአለሁ» ብለው ሞልተውት ሦስት ወር መታሰርሽን። ያኔ ማንበብ አትችዪም ነበር፤ «የተጻፈብኝን አንብቡልኝ» እንድትዪ የነገረሽም የለም። ከዚያ በእኔ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ፊደል ቆጠርሽ። «ያሰረኝ ቤት ነው የሚያበላኝ» እያልሽ ትስቂ ነበር። ስታሳስቂኝ እንጂ ስታለቅሺ አላየሁሽም። ያን ዕለት ነው እስክሪብቶ አስይዘሽ፣ እጅሽን በእጄ ላይ ጭነሽ፣ «ተጫኚው፤ እንዲህ፤ ባዶ ቦታ አትተዪ» ያልሽኝ።

እና «ማን አስተማረሽ?» ሲሉኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አክስቴ ናት ያስተማረችኝ» አልኩ። ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ አሉኝ። «የዚህ ችሎት ጠራጊ ነበረች። ይህን የቆምኩበትን ወለል ሃያ ስድስት ዓመት የወለወለችው እሷ ናት። እኔን ያሳደገችኝም እሷ ናት።»

ዳኛዋ ወረቀቱን አስቀመጡ። «እግርሽን አንሺ የምትለዋ?»

«አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«እኔንም ብላኛለች፤ ገና ጀማሪ ሆኜ መዝገብ ቤት ስሠራ» አሉና ፈገግታቸውን መዝገቡ ውስጥ ደበቁት። ችሎቱ በሙሉ ሳቀ፤ ዐቃቤ ሕጉ ሳይቀር። ያን ያህል ሳቅ በዚያ ክፍል ተሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ዛሬ ፍርዱ ተነበበ። ቅጹ ከተፈረመ በኋላ እንደተጨመረበት፣ ከሳሽ እንዳላስረዳ፣ እኔም ነጻ መሆኔን አንድ በአንድ አነበቡት። ጠበቃዬ አቅፋኝ ጉንፋኗን አካፈለችኝ፤ ይህን የምጽፍልሽ እያስነጠስኩ ነው። «ችግር የለም» በተራው ለምርመራ ተጠርቷል። ደስ አላለኝም ብልሽ ውሸት ነው። ግን እሱም እስኪፈረድበት ድረስ ንጹህ ነው፣ እሱም ጠበቃ ይገባዋል ትይኝ ነበርና፣ አፌን ዘግቻለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ስቶሬ እመለሳለሁ፤ ቁልፉን አለቃው ራሱ በእጁ ሰጥቶኛል።

ከችሎት ስወጣ ደግሞ ምን ሆነ መሰለሽ! አግዳሚው ላይ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሸ፣ «እህቴ፣ ባለፈው ቀጠሮ ስትናገሪ ሰማሁሽ። እኔ ነገ እቀርባለሁ፤ ዝም ካልኩ አምኗል ይሉኛል?» አለኝ። ከጎኑ ተቀመጥኩ። «እኔ ንብረት ክፍል ነኝ፣ ጠበቃ አይደለሁም» አልኩት። «ግን ዝም ማለት ጥፋት አይደለም...» እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ ስለ እርቅ ሲጠይቀኝም ያቺን መልስሽን አርሜ ነገርኩት። ስጨርስ መወልወያ በእጄ ሳልይዝ «አሁን እግርህን አንሳ» አላልኩትም መሰለሽ? ግራ ገብቶት አነሳ። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ እስከ ደረጃው ድረስ እየሳቅኩ ወረድኩ።

አክስቴ፣ እናቴ፣ ያን ቀን አውቅሻለሁ ማለት ነበረብኝ። ይቅር በዪኝ። ዛሬ ያገኘሁት ፍርድ ያኔ ለአንቺ ሳይሰጥ የቀረው ነው፤ የሁለታችንም አድርጌ ወስጄዋለሁ። ለበዓል ዕረፍቴ መጥቼ ፍርዱን ጮክ ብዬ አነብልሻለሁ፤ ጎረቤቶችሽም ይስሙ።

እስካሁን የፈረምኩት ወረቀት ሁሉ ላይ ባዶውን ሰርዣለሁ። እዚህኛው ላይ ግን፣ እዪው፣ ከፊርማዬ በላይ ግማሽ ገጽ ባዶ ትቻለሁ፤ መስመር አላሰመርኩበትም። የፈለግሽውን ጻፊበትና መልሰሽ ላኪልኝ፤ ምንም ቢሆን ፈርሜበታለሁ።

የምታውቅሽ፣
ልጅሽ