መምህር ማዕረግ ተክለጻድቅ እና የአባታቸው ዳዊት

መምህር ማዕረግ ተክለጻድቅ ከአባታቸው ከመሪጌታ ተክለጻድቅ ይታየውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተሾመች ዱባለ፣ በመንዝ ከጓሳ ግርጌ፣ ልዩ ስሙ አስታ አፋፍ በተባለ ቦታ በ1964 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት በአባታቸው እግር ሥር ነው። አባት ይቀስስልኛል ብለው ቢመኙም እሳቸው ሒሳብ ወደዱ። የመምህራን ኮሌጅ ጨርሰው ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በመሐል ሜዳ አስተማሩ። በ1990 ዓ.ም. ከወይዘሮ ካሳነሽ ወዳጆ ጋር ተጋብተው ህሊናንና ምንይሉን ወልደዋል።

ኮምፒውተር ትምህርት ቤቱ ሲገባ ማን ይንካው ተብሎ ለእሳቸው ተሰጠ። ያን ጊዜ ነው ጣጣው የመጣ። መሪጌታ ዓይናቸው ደክሞ፣ መነጽርም አልረዳ ብሎ፣ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩትን ዳዊት ከገጹ ማየት ተስኗቸው ነበር። በቃላቸው ይወጡታል፤ ገጹን ሳያዩ መድገሙ ግን ከፋቸው። መምህር ማዕረግም በትልልቅ ፊደል አትሜ አስነብብዎታለሁ ብለው ቃል ገቡ።

ቃል መግባት ቀላል ነው። ፊደሉ ሲተልቅ መስመሩ ሁሉ ተበላሸ። የጽሑፍ ማሰናጃው ፕሮግራም ቃላት በሁለት ነጥብ እንደሚለዩ አያውቅምና፣ ቃሉን ከቃሉ አጣብቆ አንዱን መስመር ከወረቀቱ ዳር ያስወጣዋል፣ ሌላውን እመሐል ያስቀረዋል። ደካማ ዓይን ደግሞ ዳሩ ካልተስተካከለ መስመር ይስታል። በእጅ ክፍተት እየጨመሩ ቢያቃኑት፣ አንድ ቃል በታረመ ቁጥር ገጹ እንደገና ይፈርሳል። ፕሮግራሙ በነጻ የሚታደል፣ የቻለ ሁሉ ገብቶ የሚያርመው ነው፤ እንግዲህ ሥራው በእሳቸው ጫንቃ ላይ ወደቀ። መጽሐፍ ገዝተው የኮምፒውተሩን ቋንቋ ተማሩ። ለኢንተርኔት ደብረ ብርሃን ድረስ በሚኒባስ ተመላለሱ። ያረሙትን ፕሮግራሙን ለሚያስተዳድሩት ልከው ወራት ይጠብቃሉ፤ እርማቱ የሌላ አገር ቋንቋ ጽሑፍ አበላሽቷል ተብሎ ይመለስላቸዋል፤ ደግሞ ይጀምራሉ። መብራቱም የሚጠፋው ሊያልቅ ሲል ነው፤ ጉድ እኮ ነው! ወይዘሮ ካሳነሽ፣ የሰው ጎጆ እየከደነ የራሱ የሚያፈስበት ባል አገባሁ እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። መሪጌታ ግን ከቅዳሴ ሲመለሱ ደረሰ ወይ ይላሉ፤ ልጅም ትንሽ ቀረኝ ይላሉ። ያች ትንሽ አራት ዓመት ፈጀች። ደከሙ፣ ሸበቱ፤ ይተዉት ብንላቸውም እሺ አላሉም።

በ2003 ዓ.ም. እርማታቸው ተቀባይነት አግኝቶ ለዓለም ሁሉ በሚታደለው ፕሮግራም ውስጥ ገባ። እኛ እልል ስንል እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። ዳዊቱ ታትሞ ተጠረዘ። መሪጌታ ጣታቸውን በገጹ ዳር እየሳቡ አነበቡና፣ ልጄ፣ ስሞት በዚህ ድገምልኝ፣ አንተው ቅበረኝ ብለው አደራ ሰጧቸው።

አደራው ተገለበጠ። መምህር ማዕረግ በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ሲሠቃዩ ቆይተው ጥቅምት 7 ቀን 2007 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸው ቀድመዋቸዋል። አባታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እኔ እህታቸው ጥሩሸዋ ከኋላ ቀርተናል።

ትናንት ካህናቱ እኛ እንድገምለት ቢሏቸው መሪጌታ አሻፈረኝ አሉ። ከልጃቸው አስከሬን ራስጌ ተቀምጠው ዳዊቱን ከመጀመሪያው መዝሙር ከፍካሬ ጀምረው እስከ ዳር ራሳቸው ደገሙት። እንባው እየወረደ፣ አንድም መስመር አልሳቱም።

የደከመች ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን፤ ለአባታችንም የዓይናቸውን ብርሃን ያቆይላቸው። አሜን።