የዳንዳንን ንባብ ያነበብኩት እኔ ነኝ

ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ማርች 11 ቀን 2024

ጉዳዩ፦ በእኔ ጥፋት ከክፍላቸው የተነሱት መምህር ኩዋንግ ወደ ማስተማር ሥራቸው እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ለእርስዎ እነግራለሁ። በአዲስ ዓመቱ የጸደይ በዓል እረፍት በአራተኛ ክፍል ተማሪዋ በዳንዳን ስም የተላኩት ሃያ ሦስት የንባብ ድምፆች የእኔ የአያቷ ናቸው።

1. ዳንዳን ፋብሪካ ውስጥ ወደምትሠራው እናቷ ዘንድ ስትሄድ ንባቧን በድምፅ የምትልክበት የትምህርት ፕሮግራም እኔ ስልክ ላይ ቀረ። ፕሮግራሙ በተከታታይ የተነበበበትን ቀን ይቆጥራል፤ አንድ ቀን ከታለፈ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ልጅቷ መቶ አሥራ ሁለት ደርሳ ነበር። የቀኖቹ ሰንሰለት እንዳይበጠስ ብዬ አነበብኩ።

2. ድምፄን አቅጥኜ ስለነበር የሚለየኝ ያለ አልመሰለኝም። አርባ አንድ ወላጆች በክፍሉ የመልእክት ቡድን ሲሰሙኝ ከርመዋል። ነጥብ የሚሰጠው ፕሮግራም ግን አላፈረም፤ ለስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ከመቶ አርባ ሦስት ነጥብ ሰጥቶ «ጎበዝ ልጅ፣ በርቺ» ይላል። ዳንዳን ተመልሳ ውጤቱን ስታይ «አያቴ፣ በእኔ ስም ወደቅሽ» አለችኝ።

3. መምህር ኩዋንግ ከመጀመሪያው ቀን አውቀውኛል። አላጋለጡኝም። በየቀኑ በድምፅ ያርሙኝ ነበር፤ አንዴ «እማማ፣ አይቸኩሉ፣ ጽሑፉ የትም አይሄድም» አሉኝ። ያን ቀን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩ። ተቆጣጣሪዎች ግን ክፍሉ ሙሉ ተሳትፎ ያለው ለማስመሰል የሐሰት ድምፅ ተቀብለዋል ብለው ወደ ዕቃ ክፍል አዛወሯቸው። ሲጠየቁ ስሜን አልጠሩም።

4. የማነበው ለሰንሰለቱ ብቻ አልነበረም። ልጄ ቹንሺያ፣ የዳንዳን እናት፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ሳለ ባለቤቴ ሞተ፤ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ስሠራ የሚያግዘኝ ስላጣሁ ከትምህርት ቤት አስቀረኋት። መምህሯ ለምን እንደቀረች ሊጠይቅ ቤታችን ድረስ ሲመጣ «አጎቷ ጋ ሄዳለች» አልኩት። ጓሮ አኩሪ አተር እያጠበች ነበር። ለእሷ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ቦታ የለም ብሏል አልኳት። እስከ ዛሬ እንዳመነችኝ ናት። እኔ ማንበብ የተማርኩት እሷ ትታ በሄደቻቸው መጻሕፍት ነው። «እማማ» እያለ የሚያርመኝ መምህር ሳገኝ ማቆም አቃተኝ።

5. ስለዚህ መምህር ኩዋንግ ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ፣ ጥፋቱም በእኔ ስም እንዲጻፍ በትሕትና እጠይቃለሁ። ድምፆቹ ከዳንዳን መዝገብ ይሰረዙ። የመጨረሻው ቀን ሰባ አንድ አግኝቻለሁ፤ እሱን የሚሰርዘው ሰው አንድ ጊዜ ቢያዳምጥልኝ ደስ ይለኛል።

ከሐፍረትና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ፋን ዩዠን (ፊርማና የአውራ ጣት አሻራ)

ግልባጭ፦
ለመምህር ኩዋንግ፣ በዕቃ ክፍሉ
ለልጄ ለቹንሺያ፣ ተራ ቁጥር 4 ሳይቀነስ