ከጭቃ ንጹሕ ወጥተው በገንዳ ስለ ቆሸሹት ዛጎሎቻችን

ለክቡር የባሕር ምርት ጤና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና በጠረጴዛዎ ላይ ያሉትን ማኅተሞች ሁሉ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝ የቢር ሰልማ ዛጎል ለቃሚ ሴቶች ምኞት ነው። እኛ፣ አላህ ይመስገን፣ ከወገባችን በቀር ደኅና ነን።

ስሜ ንጅያ ይባላል። ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ማጭድ ይዤ ጭቃው ውስጥ ሥጋው የሚበላ ዛጎል ስለቅም ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ዛጎል ሁሉ በንጹሕ የባሕር ውሃ ገንዳ ሁለት ቀን ተቀምጦ ሆዱን ሳያጠራ አይሸጥ የሚለው መመሪያዎ ሲወጣ፣ በስብሰባው ላይ መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አምና የባሌ እህት ሐቢባ ከመንገድ ዳር ያልጠራ ዛጎል ገዝታ በልታ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኝታለች፤ በሦስተኛው ቀን ትሞታለች ብዬ እጇን ይዤ ሸሃዳዋን አስብያታለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው መመሪያዎን ጠልቼ ሳይሆን፣ ከጽሕፈት ቤትዎ ይልቅ አምኜበት ስለ ተገኘሁ ነው።

ቅሬታችን ጥቂት ነው፤ ምስጋናችን ይበዛል።

1. በየጆንያው ላይ የለቃሚዋ ስም፣ ቦታውና ቀኑ የተጻፈበት ካርድ እንዲታሰር አዘዙ፤ አሰርን። ፊደል የማይቆጥሩት እንኳ ስማቸውን መጻፍ ተማሩ። ሳልሃ በስድሳ ስምንት ዓመቷ የጻፈችውን አይታ፣ «ስሜ ይህችው ናት እንዴ?» አለች። ለዚህ ከልብ እናመሰግናለን።

2. በየካቲት መጨረሻ ተቆጣጣሪዎ አቶ ወጅዲ መጥተው ሁለት ናሙና ወሰዱ፤ አንዱን ከጭቃችን፣ ሌላውን ከማጥሪያ ጣቢያዎ ገንዳ። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ዕቃ ከተው ክዳኑን ገጠሙ።

«ልጄ፣ ካርድ አታስርበትም?» አልኋቸው።

«አያስቡ አክስቴ፣ በግራ ያለው የእናንተ ነው።»

«መኪናው ሲዞርስ ግራው የት ይሆናል?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ያን ጊዜ ገና ይሳቅ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ወረቀት መጣ። ጭቃችን ስለ ተበከለ ተዘግቷል፤ ገንዳው ግን ለሌሎች ጣቢያዎች ምሳሌ ይሆናል ይላል። የጣቢያው ጥበቃ አቶ ላዝሃር ወረቀቱን በሩ ላይ ለጥፈው ሲያበቁ ወደ ጎን ጠሩኝ። «ንጅያ፣ የገንዳውን ውሃ የሚቀይረው ፓምፕ ከታኅሣሥ ጀምሮ ቆሟል። እኔ በዚህ ውሃ እግሬን አልታጠብም» አሉ።

«ታዲያ ለምን አይናገሩም?»

«ሦስት ጊዜ ጻፍሁ። ሦስት ጊዜ ‹ደብዳቤዎ ደርሶናል› አሉኝ።»

በዚያ ቀን ከገንዳው ወጥቶ ለገበያ ሊጫን የተዘጋጀ አሥራ ስድስት ጆንያ ነበር፤ በእያንዳንዱ ላይ የአንዳችን ስም ታስሯል። ሐቢባ ትዝ አለችኝ። አንዲት ሴት የእኔን ስም አንብባ፣ ተማምና ገዝታ፣ ለልጆቿ ስትቀቅለው ታየኝ። ሴቶቹን ጠርቼ ነገርኋቸው። ከዚያ ሳልሃ የራሷን ጆንያ ጎትታ ቀደመች፤ አሥራ ስድስቱንም ተሸክመን ባሕር ውስጥ ደፋናቸው። የአራት ቀን ድካማችን ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ «ንጹሕ ምርት በማባከን» ብሎ የላከልንን ማስጠንቀቂያ መስታወት አስገብተን ሰቅለነዋል።

3. ዳግም ምርመራ ጠየቅን። አቶ ወጅዲ፣ ጨዋ ልጅ ናቸውና፣ ራሳቸው ተመልሰው መጡ። «አክስቴ፣ ዕቃዎቹ ሳይቀያየሩብኝ አልቀሩም» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። ይህን ቃል ከመንግሥት ሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ሻይ አፈላሁላቸው። በዚህኛው ጊዜ ካርድ አሰሩ። ጭቃችን ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ከገንዳው የወጡት ዛጎሎች ግን ሲገቡ ከነበሩት ይልቅ ቆሽሸው ነበር።

ውጤቱ በስምንት ቀን ታወቀ። ጭቃችንን የሚከፍተው ደብዳቤ ደግሞ ፊርማዎን ሲጠብቅ ስድስት ሳምንት ከረመና፣ የለቀማው ወቅት በተዘጋ ማግስት ደረሰን። ፈቃዱ ሙሉ ነው፤ የጎደለው ወቅቱ ብቻ ነው። እስከ መስከረም ድረስ ጭቃው ላይ ቆመን ልናየው እንችላለን፤ ስለ ቸርነትዎ ምስጋናችን ወሰን የለውም።

የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ወቅቱ ሳይከፈት ፓምፑ ይጠገን፤ እስከዚያም ገንዳው ይዘጋ። ሰው ሊበላው ነውና።

ወረቀቱን ስላቆሸሸው ጭቃ ይቅርታ እየጠየቅን፣ ጭቃው ግን በራስዎ ምርመራ ንጹሕ መሆኑን በአክብሮት እያስታወስን፣

ንጅያና ሠላሳ ስምንት የቢር ሰልማ ሴቶች

ማስታወሻ፦ በመጪው ሰኞ የጣቢያው አንደኛ ዓመት ሲከበር፣ ከሌላ ወደብ መጥቶ በዚያው ገንዳ የከረመ ዛጎል ለእንግዶች እንደሚቀርብ ሰማን፤ የጥሪ ካርዱም ደርሶናል። ታላቅ ክብር ነው። ይሁን እንጂ ሠላሳ ዘጠኛችንም የዚያን ቀን በፈቃዳችን የሱና ጾም ስለምንጾም መገኘት አንችልም። ክቡርነትዎም ቢጾሙ እንመክራለን፤ ምንዳው ለነፍስዎ፣ ትርፉ ለሆድዎ ነው።