ራሴ ጠይቄ ራሴ ስመልስ

እህት ዓለም፣ ክፍሌን ደርበሽ ስለያዝሽልኝ ዕድሜ ይስጥሽ! እዚህ ሥልጠናው ላይ የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ሁሉ ክብ ሠርተን ነው የምንቀመጠው፤ እንደኛ ስብሰባ ከኋላ ተደብቆ ማንጎላጀት የለም። ዛሬ እያንዳንዳችን ስናስተምር በስልክ ቀድተን ያመጣነውን አሰሙን። ተራዬ ሲደርስ ኮራ ብዬ ተቀመጥኩ። ለካ ከአርባው ደቂቃ ሠላሳ አራቱን የማወራው እኔው ነኝ! እጠይቃለሁ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ ራሴው እመልሳለሁ። አሠልጣኟ “እትዬ፣ ተማሪዎቹ የት ሄዱ?” ስትለኝ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ቀጥላ ግን የቀዳሁትን ድምፁን ከፍ አድርጋ ደግማ አሰማችን። እኔ ስለፈልፍ ከሥር አንዲት ልጅ ቀስ ብላ ትክክለኛውን መልስ ትናገራለች። ያቺ አፏን ካልከፈተች ክፍል ትደግማለች ብዬ እናቷን ያስደነገጥኳት፣ መስኮቱ ጋ የምትቀመጠው ልጅ ናት! ሳቄ እዚያው ቀረ።

እባክሽ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ጠይቂያትና በልብሽ እስከ አሥር ቆጥረሽ ጠብቂያት፤ ትመልሳለች። ለባለቤትሽ፣ ለልጆችሽ፣ ለሻይ ክበቧም ሴትዮ ሰላም በይልኝ። ወረቀቱ ጠበበኝ እንጂ ወሬስ ሞልቷል። የልጅቷን እናት መንገድ ላይ ካገኘሻት ምንም አትበያት፤ ተሳስቼ ነበር ብዬ እኔው መጥቼ እነግራታለሁ።