ግጥም የትም አይሄድም ላሉኝ የትምህርት ክፍል ኃላፊ

ለክቡር የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ኃላፊና የትምህርት አማካሪዬ፣

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ስብሰባዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከምርቃት ናፍቆት በቀር እጅግ ደህና ነኝ። ቢሮዎ ብመላለስ ስላላገኘሁዎት በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

፩. አንደኛ ዓመት ሳለሁ የኮሌጅ ትምህርቴን በምን ቅደም ተከተል እንደምወስድ ልጠይቅዎ ስመጣ፣ ዓይንዎን ከስልክዎ ሳያነሱ «ሰዋስዉን አስቀድሚ፣ ግጥም የትም አይሄድም» ብለው መክረውኛል። ምክር ሰሚ ልጅ ነኝና ታዘዝኩ። ግጥም ግን በዓመቱ ከመምህሩ ጋር ተዛውሮ ሄደ፤ ያለ ግጥም ኮርስ ደግሞ መመረቅ አይቻልም።

፪. አዲስ መምህር ሲመጡልን፣ በቂ ተማሪ ካልተገኘ ኮርሱ እንደማይከፈት ቢሮዎ አስረዳኝ። የክፍል ጓደኞቼ በጊዜው ወስደው ጨርሰዋልና፣ በየመኝታ ክፍሉ እየዞርኩ የኬሚስትሪና የሒሳብ ተማሪዎችን በልመና ሰበሰብኩ። ለአንዷማ ልብሷን ሁሉ አጥቤላታለሁ።

፫. ኮርሱ ተከፈተ፣ ተመስገን። ለመመዝገብ ግን የአማካሪ ፊርማ ያስፈልጋል ተባለ፤ የኬሚስትሪዎቹ አማካሪዎች በዕለቱ ፈረሙላቸው፣ እርስዎ ስብሰባ ነበሩ። ወሬውን የሰማ ሌላውም ጎረፈና፣ እርስዎ ሲመለሱ ክፍሉ ሞልቶ ጠበቀኝ። ደጋሿም እኔ፣ ደጅ የቀረሁትም እኔ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ተናድጃለሁ፣ ቁጥሩም ጠፋብኝ። የማስተማር ልምምድ የሠራሁበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት የመምህርነት ቦታ የያዙልኝ እስከ መጪው የትምህርት ዘመን መክፈቻ ብቻ ነው። አባቴ «ልጄ አስተማሪ ልትሆን ነው» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሮ ስለጨረሰ፣ አሁን ጎረቤት ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

ይህም ሆኖ፣ የሳይንስ ተማሪዎችን ወደ ግጥም በመሳብዎ በኮሌጁ ጉባኤ ላይ ስለተጨበጨበልዎ የደስታዎ ተካፋይ መሆኔን ስገልጽ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ስብሰባዎ ይባረክልዎ።

ፊርማዎን ስትጠብቅ ያረጀች፣ ምክርዎን እስካሁን የምታከብር፣
በትምህርት ክፍሉ «ቋሚዋ» እየተባለች የምትጠራው ተማሪዎ

ማሳሰቢያ፦ ኬሚስቶቹ ግጥሙ ስለከበዳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አስጠናቸው ነበር። ፈተናውን ሁሉም አልፈዋል፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ከመካከላችን ግጥም ያላለፈችው አስጠኚያቸው ብቻ ናት፤ እሷም፣ እንዳሉት፣ የትም አልሄደችም።