ለኮን ውድድሩ የመረጥኩት ካምሻፍት

ጥቅምት 8
ቀኑን ሙሉ ከቤታችን ሥር ባለው የአጎቴ ጋራዥ ቡሎን በናፍጣ ሳጥብ ዋልኩ። ጣቶቼ ገና ይሸታሉ። የምረቃ ፎቶዬ ላይ ያለችው ልጅ እነዚህን ጥፍሮች ብታይ... ይሁን። ቤት ከመቀመጥ ይሻላል። ያመለከትኩባቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ "እንደውልልሻለን" ብለው ቀሩ። እኔ ግን ስልኬን አሁንም እንደ ሕፃን አቅፌው ነው የምተኛው።

ከሰዓት መለዋወጫ የሚሸጥልን ነጋዴ፣ ባለመለዋወጫው፣ መጣ። የራሱ የውድድር ጋራዥ አለው። የአጎቴን ነጭ መኪና ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "በወሩ መጨረሻ በኮን ውድድሩ ከሦስተኛ በላይ ካስገባሻት እሷን እገዛታለሁ፣ አንቺን ሞተር ክፍል አስገባሻለሁ" አለኝ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ሞተር ክፍል... እኔ።

ጥቅምት 11
ሁለት ካምሻፍት ጠረጴዛው ላይ ተጋድመዋል፣ ዘይት በጠጣ ወረቀት ተጠቅልለው። እማዬ ምሳ ይዛልን ስትወርድ አየቻቸው።
"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"
"ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው። ሞተሩ መቼ እንደሚተነፍስ የሚነግረው እሱ ነው።"
"ሰውስ ማን ይነግረዋል?" ብላ ወደ ላይ ወጣች። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ናት። አንድ ነገር ጣል አድርጋ ትሄዳለች። ምግብም አትበላም።

አንዱ ለስላሳ ነው፣ ከዝቅተኛ የሞተር ዙር ጀምሮ ይጎትታል። ሌላው ኃይለኛ ነው። ቫልቮቹን ከፍ አድርጎ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ይይዛል፤ ዙሩ ካልጨመረ ግን እንቅልፋም። የኮን ውድድር ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ በተደረደሩ የፕላስቲክ ኮኖች መሀል መጠማዘዝ ነው፣ አንድ በአንድ፣ ከሰዓት ጋር። መሮጫ የት አለና? ሒሳቡ ለስላሳውን ይላል። ልቤ ኃይለኛውን።

ኃይለኛው ከየት መጣ? አጎቴም አያውቅም። ጋራዡን ሲገዛ መደርደሪያው ላይ አገኘው።

ጋሽ ጆሮ በሒሳቤ ሳቁብኝ። የጋራዡ ትልቅ መካኒክ ናቸው፤ የሞተር በሽታ በጆሮ ስለሚያውቁ ነው ስሙ። "ኢንጂነሯ፣ ካምሻፍት በወረቀት አይመረጥም። ይሰማል።"
አጎቴ ጣልቃ ገባ፦ "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል አልሰሙም?"
"እሱ ለእንዳንተ ዓይነቱ ነው።"
ኃይለኛው ይቅደም ተባለ። ደስ አለኝ፣ መቼም እዚህ አልዋሽም።

ጥቅምት 15
ገጠምነው። እዚህ ጋራዥ ካምሻፍት ሲገጠም ልማድ አለ። ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥለት በራሱ ይዞራል፤ ጋሽ ጆሮ ራሳቸውን እስኪነቀንቁ ድረስ ማንም ትንፍሽ አይልም።

አስነሳሁ። ኃይለኛ ካምሻፍት የገባበት ሞተር ሳይረገጥ እኩል እንደማይዞር አውቃለሁ፣ ትምህርት ቤትም ተምሬዋለሁ። ግን ይሄ... አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። ይጎትታል፣ ይረግጣል። ይጎትታል፣ ይረግጣል።

ጋሽ ጆሮ አልነቀነቁም። ወደ ደረጃው አዩ።

ከዚያ የእማዬ ድምፅ ከላይ፦ "ልጄ፣ ቀስ ብለህ ውጣ፣ ደረጃው እርጥብ ነው።"

ቁልፉን መልሼ ሞተሩን አጠፋሁት። ወንድሜ ሲወለድ ጀምሮ ግራ እግሩ ያጥር ነበር። ደረጃውን ሲወጣ ኮቴው ከጎረቤት ሁሉ ይለያል። አምና በሳንባው ሞተ። ቀብረነዋል፣ አፈር ሲለብስ ቆሜ አይቻለሁ።

ጥቅምት 16
እማዬ ሦስት ሰሃን አቀረበች። እኔና እሷ ብቻ ነን ቤት ያለነው። ሦስተኛውን አንሺው የሚል አፍ ከየት ላምጣ?

ጥቅምት 21
መኪናዋን ሜዳው ላይ ሞከርኳት። ቀጥታው ላይ ትበራለች። ኮኖቹ መሀል ስገባ ግን ዙሩ ይወርድና ትሞትብኛለች፣ ስትነቃ ኮኑ አልፏል። አጎቴ ሰዓቱን አሳየኝ። ከድሮው ካምሻፍቷ እንኳ ዘግይታለች። "በዚህ ከሆነ የምንወዳደረው ለመጨረሻ ነው" አለ።

መውጣት አለበት። አውቃለሁ። ችግሩ ሌላ ነው... እማዬ መብላት ጀምራለች። ጸጉሯን አበጠረች። ጠዋት ጠዋት ከደረጃው ጫፍ ሆና "እስኪ መኪናዋን አስነሺያት" ትለኛለች። አስነሳለሁ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። እኔ የሞተሩን ሙቀት እያየሁ አላይም... ሌላ ነገር እያሰብኩ ነው። ወንድሜ በሩ ጋ ለመድረስ ስንት ደረጃ እንደቀረው።

ጥቅምት 24
ዛሬ የሆነውን እንዴት ልጻፈው?

ኃይለኛውን ጠዋት አወጣነው። ሞተሩ ክፍቱን ነው፣ ካምሻፍቱ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ለብሷል። ጋሽ ጆሮና እኔ ካምሻፍቱ የሚገፋቸውን ታፔቶች እየጠረግን ነው። እማዬ እጇ እንደረጠበ ወረደች።
"ለምን አጠፋሽው? በሩ ድረስ መጥቶ ነበር እኮ።"
"እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?"
"መኪናዋን ነዋ። የበሩን እጀታ ሲይዝ ዝም አለ።"
ጋሽ ጆሮ ጨርቁን ገልጠው ካምሻፍቱን አሳዩዋት። "እሜቴ፣ ሞተር የለም። ይኸው ሆዱ ተከፍቶ።"
እማዬ አየችው። እንደማያውቁት ሰው አየችው። "እንግዲህ እኔ የሰማሁትን ሰምቻለሁ" ብላ ወጣች።
ጋሽ ጆሮን "ቀልድ ነው፣ አይደል?" አልኳቸው። "እኔም ሰምቻለሁ" አሉኝ። "ዝናብ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"
ውጭው ፀሐይ ነበር።

ጥቅምት 27
ለስላሳውን ሳልነግራት ላስገባው ነበር። ሆዴ እምቢ አለኝ። ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።
"እማዬ፣ ለስላሳውን ልገጥም ነው። ድምፁ ይለወጣል።"
"አይመጣም ማለት ነው?"
"ድምፅ ነው እኮ እማዬ። የብረት ድምፅ።"
"ብረትማ አውቃለሁ። ብረት ደረጃ ይወጣል?" ቀሚሷን በጣቷ አጠፈች። "አንቺ ሥራሽን ትፈልጊያለሽ፣ እኔ ልጄን። ማናችን ነን አጥፊ?"
ወርጄ ለስላሳውን አነሳሁ። እያለቀስኩ ገጠምኩት። ጋሽ ጆሮ ቁልፍ እያቀበሉኝ አንድም አልቀለዱብኝም።

አስነሳሁ። እኩል። ጥርት ያለ። ጋሽ ጆሮ ነቀነቁ። ላይ ዝም... ዝም... ሮጬ ልወጣ ስል ሳቋን ሰማሁ። የእማዬን ሳቅ። ከአምና ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን።
"እግሩ ድኗል" አለች ከላይ። "ሰማሽው? ዛሬ አላነከሰም።"

ጥቅምት 30
ሁለተኛ ወጣን። ሁለተኛ። በኮኖቹ መሀል እንደ መርፌ ክር ሾለክኩ፣ አንድም አልነካሁ። አጎቴ ባርኔጣውን ወረወረና ጠፋበት። ባለመለዋወጫው እጄን ጨበጠ፣ "ሰኞ ጠዋት" አለኝ። መኪናዋን እዚያው ከሜዳው ወሰዳት።

እማዬ ስነግራት ሳመችኝ። ስለ መኪናዋ አልጠየቀችም። ተዘጋጅቼ ነበር እኮ... አልጠየቀችም።

ኅዳር 9
አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። ጽሑፌ የሚንቀጠቀጠው በመንገዱ ነው። በመንገዱ ይሁን።

አዲሱ መሥሪያ ቤት ደህና ነው። የራሴ ጠረጴዛ አለኝ። ነጯ መኪና ፊት ለፊቴ ቆማለች፣ ባትሪዋ ወጥቷል። ከምሳ በኋላ እጄን ኮፈኗ ላይ ሳሳርፍ እንደ ውሃ ቀዝቃዛ ነበረች። ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው።

"ገባ" አለች እማዬ። ድምፅዋ ደስ ይላል፣ የልጅ ይመስላል።
"ማን?"
"ወንድምሽ ነዋ። በሩን ከፈትኩለት። ምግብ አቅርቤለት አልበላም፣ ዝም ብሎ ያየኛል። ወፍሯል።"
"እማዬ፣ ማነው ቤት ውስጥ ያለው?"
"ላገናኝሽ" አለች። "ና ልጄ፣ እህትህ ናት።"

ሲመጣ ሰማሁት። የቤታችን የእንጨት ወለል ላይ። እኩል። እኩል። እኩል። ስልኩ አጠገብ ቆመ። አልተነፈሰም። ዘጋሁት፣ ወጣሁ፣ የመጣልኝን አውቶቡስ ያዝኩ።

አጎቴ አያነሳም። ጋሽ ጆሮም አያነሱም። ሁለት ፌርማታ ቀረኝ።

ወንድሜ በሕይወቱ አንድም ቀን እኩል ረግጦ አያውቅም። የምናውቀው በማንከሱ ነበር። የሚያነክሰውን እኔ አስወጣሁት፣ በእጄ፣ በቁልፍ።

ታዲያ እማዬ ይሄን እኩል የሚረግጠውን ልጄ ነው ብላ በምን አወቀችው?