ከግብር ቢሮ ነኝ ያለው ሰውዬ

ልጄ ሱሃይላ፣ አላህ በሰው አገር ክፉ አያሳይሽ። የዱሪያን ዛፋችን ዘንድሮ ጥሩ አፍርቷል፤ እኛ ግን ደህና አይደለንም።

ማክሰኞ አንድ ሰው ከግብር ቢሮ ነኝ ብሎ ደወለ። «እማማ፣ ግብር አለብዎት። ስልኩን ከዘጉ ወይም ለሰው ከተናገሩ ልጅዎ ጃፓን ኦሳካ ላይ ትታሰራለች» አለኝ። ስምሽን ሲጠራ አመንኩትና የሐጅ ገንዘባችንን በስልኬ ላክሁለት። «ይጨምሩ» እያለኝ ሳለ ጎረቤታችን ሌቹሚ ደርሳ ስልኩን ነጠቀችኝ።

«ግብር በስልክ ማስፈራሪያ አይሰበሰብም! ቢሮህን ንገረኝና ራሳችን እንመጣለን!» ስትለው ዘጋባት።

ወዲያው ወደ ባንክና ወደ ፖሊስ ሮጥን፤ ገንዘቡ ግን ሄዷል። አባትሽ የቁጠባ ደብተራችንን ደጋግሞ ያገላብጣል፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ስልኬ ሲጮህ አላነሳም፤ ያንቺንም ቢሆን።

አላህ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። እባክሽ በሌቹሚ ስልክ ደውዪልኝ፤ አለመታሰርሽን ልቤ እስካሁን አላመነም።

እናትሽ ሮኪያ